ሦስቴ ማለቅለቅ

ከነቀምቴ ልወጣ ዋዜማ፣ ባኬ ጃማ ያለው ቤታችን ምሽቱን በሸኚ ተጨናንቆ ነበር። ሁሉም ያለቅሳል፤ ቦንቱ ብቻ አላለቀሰችም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን፣ እሷ አንደኛ እኔ ሁለተኛ ስንወጣ የኖርን ጓደኛዬ ናት። አሁን እኔ ጀርመን መድኃኒት ፋብሪካ ልገባ፣ እሷ እዚያው ወለጋ አርጆ ከተማ ኬሚስትሪ ልታስተምር ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ቀን እንኳ በቅናት ስትንጨረጨር ላያት ጓጉቼ ነበር። እሷ ግን ፈገግ ብላ ሻንጣዬን ታስርልኛለች። እርር ድብን አልኩ።

እዚህ ጀርመን ሥራዬ መድኃኒት የሚቀመምበትን የብረት ጋን ማጠብ ነው። የተጣበቀበትን ውሃ አያስለቅቀውም፤ ሶልቨንት የሚሉት ማሟሟያ ኬሚካል አለ። ጋኑን አንዴ ሞልተን እናለቀልቃለን፤ እጣቢው በበርሜል በበርሜል ተጭኖ ሊቃጠል ይሄዳል። ሽታው ልብሴ ላይ ቀርቶ ቤት ድረስ ይከተለኛል። አከራዬ አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ቆማ፣

«የአገርሽ ቅመም መሰለኝ፣ ኮሪደሩን ሞላው» አለችኝ።

«ይሄ የእናንተው መድኃኒት ነው። የኛ በርበሬማ ያስነጥሳል እንጂ ራስ አያዞርም።»

«መስኮት ክፈቺ» ብላኝ ሄደች። በዚያ በረዶ! የወለጋ ሐምሌ ናፈቀኝ፤ ዝናቡ ያበሰብሳል እንጂ ጣት አያደነዝዝም።

እሑድ ለቦንቱ ደውዬ ይህንኑ ሳማርርላት፣ «ማል? ምን? ጋኑን ሞልታችሁ?» ብላ በሳቅ ፈረሰች። «ያ ኦቦሌቲ ኮ፣ እኅቴ! እኛ ቤተ ሙከራ አልኮል በሲኒ ነው የሚሰፈረው። አንዷን ሲኒ ሦስት ቦታ ከፍለን ሦስቴ እናለቀልቃለን። አንዴ ከመሙላት ይልቅ እሱ ያጠራል። እስቲ ሞክሩት።»

ለማይስተሩ፣ ለፈረቃ አለቃዬ ማለት ነው፣ ነገርኩት። ተሞከረ። ላብራቶሪው ናሙና ወስዶ ጋኑ ንጹሕ ነው አለ፤ ማሟሟያውም በጣም ቀነሰ።

«የማን ሐሳብ ነው?» አለቃዬ ሲለኝ አፌ ቀደመኝ።

«የኔ።»

አሁን ከእጥበት አንስተው አሠራር የሚያሻሽለው ክፍል ሊያስገቡኝ ነው። የቀረው ሐሳቡ የራሴ መሆኑን ፎርም ላይ መፈረም ብቻ ነው።

ከመፈረሜ በፊት ደወልኩላት። የሆዴን በሆዴ መያዝ አቅቶኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ በቀለለኝ ነበር።

«ቦንቱ፣ ስምሽን ላስገባ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። በርሜሉስ? ቀነሰ?»

«ቀነሰ። በሳምንት ሁለቴ ይመጣ የነበረው መኪና አሁን የሚመጣው አንዴ ነው።»

«ባዬ ጋሪ! በጣም ጥሩ!» ብላ በደስታ ጮኸች። «ተማሪዎቼ ክፍል እየጠበቁኝ ነው፣ አሁኑኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ!» ስልኩን ዘጋችው።

ፎርሙ ፊቴ ተዘርግቷል። ስሟን ብጽፍ ሥራው ሊቀርብኝ ይችላል፤ ይቅር። እኔ በስም ስጨነቅ እሷ የጠየቀችው ስለ በርሜሉ ነው። ያን ሁሉ ወር እጣቢውን በእጄ እየጫንኩ፣ አንድም ቀን እንደዚያ አልጮህኩም። ቀናሁባት።