ያዳንኩት ካባ

ብል አሮጌ ልብስ ይበላል ይባላል። ብል ስለ አሮጌና አዲስ ግድ የለውም። የሚወደው ያልታጠበ ሱፍ ነው፤ ላብና ቅቤ የጠጣ አንገትጌ ካገኘ ትናንት የተሰፋውንም ይበላል። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩም። መጻሕፍቱን በኋላ አነበብኳቸው፤ አብዛኞቹ ተሳስተዋል።

ሥራ የጀመርኩት በሰኔ ነው፤ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ ሙሴ ሐጎፕ የሚባሉ አርመናዊ ልብስ ሰፊ ዘንድ። ሙሴ ሐጎፕ ከመስፋት ሌላ ጣሪያቸው የሚያፈስባቸውን ሰዎች ካባና በርኖስ ለክረምቱ በአደራ ይቀበሉ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ካባ ሰቅለው ዘንግ ሰጡኝና «ምታ» አሉኝ። መታሁ።

«ሌባ ያዝክ እንዴ? አቧራ ነው የምታወጣው።»

ካባው ፀሐይ ላይ ይዘረጋል፤ ተገልብጦ ስፌቱ በብሩሽ ይጠረጋል። አንገትጌው በእንዶድ ይታጠባል። ከዚያ በእጥፋቱ መሐል ደረቅ አሪቲ ተደርጎ ጥድ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ነጭ እንክብልም ነበር፤ ሽታው ከብሉ ጋር ደንበኛውንም ስላባረረ ተውነው።

ከአራጋፊነት ወደ ሣጥን ጠባቂነት ሳድግ የገበያው ሰዎች «የብል ዘበኛ» አሉኝ።

«ዛሬስ ስንት አሰርክ?»

«አንድ፤ ቁርጥ አንተን።»

ያ ሱቅ ዛሬ የለም። የአሪቲና የጥድ ሽታው ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያቆመኛል።

ወይዘሮ አስካለ የመጡት በአራተኛው ዓመቴ፣ ክረምት ሲገባ ነው። ባለቤታቸው በጥቅምት ሞተዋል። የሟቹን ጥቁር የሱፍ ካባ በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል።

«ብል እንዳይነካው። ደግሞ እንዳታጥበው።»

«እሜቴ፣ አንገትጌው ቅቤ ጠጥቷል። ሳይታጠብ ከገባ ብል ይጠራል።»

«የባለቤቴ የራስ ቅቤ ነው። አይታጠብም አልኩህ።»

«እሺ» አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሣጥኑን ስከፍት አንገትጌው ሥር ነጭ እጭ አየሁ። ለሙሴ ሐጎፕ ነገርኳቸው።

«ወይ እጠበው፣ ወይ መልስላቸው። የሌላውን ልብስ አያስበላብኝም።»

የወይዘሮ አስካለ ቤት ከሱቁ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ያን ቀን ዶፍ ይጥል ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ደግሞም ከእሳቸው ይልቅ እኔ የማውቅ መሰለኝ። አጠብኩት፤ በከሰል ሙቀት አደረቅሁት።

ወይዘሮ አስካለ በመስቀል ሰሞን መጡ። ካባውን በሩ ላይ ዘርግቼ በብርሃን አሳየኋቸው፤ አንድም ቀዳዳ የለውም። ኮርቼ ነበር። እሳቸው ግን ቀዳዳ አልፈለጉም። አንገትጌውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

«አሪቲ አሪቲ ይላል» አሉ።

«እጭ ገብቶበት ነበር፣ እሜቴ። ባላጥበው ይበላው ነበር።»

«ይብላዋ። ብሉ እንኳ ከጠረናቸው ጥቂት ይተውልኝ ነበር።»

አጣጥፈው መልሰው እጄ ላይ አኖሩት።

«አሁን የማንም ካባ ነው። ለበረደው ሰው ስጠው» ብለው ባዶ እጃቸውን ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ስንት ካባ እንዳዳንኩ አላስታውስም፤ ሁሉም ጥሩ ሥራ ነበር። የምናፍቀው ግን ያልሄድኩበትን የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። በጭቃው ሄጄ በራቸውን ባንኳኳ፣ «እጭ ገብቶበታል፣ ምን ላድርግ?» ብላቸው፣ ምናልባት «አምጣው፣ እጩን እኔ እለቅመዋለሁ» ይሉኝ ነበር።

ከልብሱ ምኑ መዳን እንዳለበት የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ የሰው ሣጥን ከፍታችሁ ለማጽዳት የምትነሡ ሁሉ፣ እጃችሁን ሰብስቡና መጀመሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ።