ላይ አምባ ውራ የወጣችበት ገና

የዛሬ ልጆች የውጭ አገር የኳስ ውድድር በተጀመረ በሁለት በሦስት ሳምንቱ «ዘንድሮ ዋንጫው የእነ እንትና ነው፤ ኮከቡም እገሌ ነው» እያሉ ሲፋጁ ስሰማ ሳቄ ይመጣል። ምን አዲስ ነገር አለው! ልጅ ሳለሁ እኛ የሞላሌ አካባቢ ሴቶች ይህንኑ ስንሠራ ነው ያደግነው። የኛ ኳስ ሩር ትባላለች፤ ከእንጨት ተጠርባ በጠፍር የተለበጠች፣ ከጡጫ የማትበልጥ ድንቡሽ ያለች ነገር። መምቻው ጫፉ የቆለመመ ዱላ ነው። ጨዋታው እንደ በዓሉ ገና ይባላል፤ ሩሯን መትቶ በባላጋራው ዳር ያወጣ ያሸንፋል።

ኅዳር ጽዮን አልፋ ገብሱ ሲታጨድ፣ አገሩ ሁሉ ገለባ ገለባ ሲሸት፣ ወንዶቹ ዱላቸውን ከማገር ላይ ያወርዳሉ። ከዚያ እስከ ልደት በየእሑዱ ላይ አምባ፣ ታች አምባና ወንዝ ማዶ ይገጥማሉ። እኛ አንጫወትም። የትምህርት ቤቱ ካብ ላይ ተደርድረን፣ ውርጭ ያቆረፈደውን እግራችንን በፀሐይ እያሞቅን ደረጃ እናወጣለን። ማን አንደኛ፣ ማን ውራ፣ የዘንድሮው ጎበዝስ ማን ነው? ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የልደት ለት ሁሉን ለበለጠው ጎበዝ የመጀመሪያውን ዋንጫ ጠላ የሚያቀርቡት እናቶቻችን ናቸው፤ እናቶቻችን ደግሞ ወሬውን የሚሰሙት ከኛ ነው። ስለዚህ ሌላ ጊዜ ዞር ብሎ የማያየን ጎረምሳ ሁሉ በዚያ ሰሞን ቆሎ ይዞልን ይመጣል፣ እንስራ ያሸክመናል። ቆሎውን በልተን ውራ የምናደርገውም ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ አምስተኛ ክፍል ነኝ። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው እሑድ እንዳለፈ ካቡ ላይ ተራዬ ደረሰና «ታች አምባ አንደኛ፣ ወንዝ ማዶ ሁለተኛ፣ ላይ አምባ ውራ» አልኩ። እኔ ራሴ የላይ አምባ ልጅ ነኝ። ጎረቤቴ ጥሩነሽ ዓይኗ ፈጠጠ።

«የገዛ ሰፈርሽን? ኧረ አንቺ ልጅ ጤናም የለሽ!»

ጤናስ ነበረኝ። ግን ታላቅ ወንድሜ ደምሴ፣ ሩርን እንደሱ የሚመታ ያልተፈጠረው ደምሴ፣ አሁን ታች አምባ ነበራ! በመስከረም አባባ የአንድ ወዳጃቸውን ልጅ ሊያጩለት ቃል ሰጥተው መጡ። ደምሴ «አላገባም፤ ትምህርቴን እጨርሳለሁ» አለ። አባባ ደግሞ ቃላቸው መሬት ወድቆ የማያውቅ ሰው ናቸው። «ቃሌን የሚያዋርድ ከቤቴ አያድርም» አሉት። ልብሱን በብብቱ ይዞ ታች አምባ፣ አጎታችን ዘንድ ወረደ። ሽማግሌ ቢላክ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ስሙ በቤታችን አይነሳም። እማዬ ግን ራት ስታቀርብ ሳታስበው ለሱም ትቆርሳለች፤ ከዚያ ትዝ ሲላት ቁራሹን መልሳ ወደ መሶቡ ትከተዋለች። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደምሴ ለልደት ቤቱ እንዲገባ።

ደረጃዬ በሁለት ቀን አገሩን አዳረሰ። አባባ ከማኅበር ሲመለሱ በርኖሳቸውን ሳያወልቁ ጠሩኝ።

«ላይ አምባን ውራ ያደረግሽው አንቺ ነሽ አሉ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«በምን ሂሳብ?»

ምን ልበል? እማዬን አየሁ፤ እማዬ እሳቱን ትቆሰቁሳለች። «ደምሴ የለማ» አልኩ።

አቤት፣ ኩርኩም ስጠብቅ ትከሻዬ ጆሮዬ ደርሶ ነበር! አባባ አልመቱኝም። በርኖሳቸውን እንደደረቡ ወጡ። በማግሥቱ ግን አንድ ወይራ ቆርጠው መጡና ደጅ ተቀምጠው ይቀረድዱ ጀመር። እሳቸው በጎረምሳነታቸው ስማቸው የተጠራ ተጫዋች ነበሩ፤ ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ግን ዱላ ጨብጠው አያውቁም።

«ኧረ በስመ አብ! በዚህ ጉልበትዎ?» አለች እማዬ።

«ላይ አምባ ሰው አለው» አሉ።

የልደት ለት ሁለቱ አምባዎች እንዲገጥሙ ጥንት የተለመደ ነው። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሰው ጾሙን ፈትቶ፣ ሜዳው በነጭ ልብስ ተሞላ። አባባ በርኖሳቸውን አውልቀው ለኔ ሰጡኝና ገቡ። የሱፉን ሽታ አቅፌ እንደቆምኩ ደምሴ ከወዲያ በኩል አያቸው። ደንግጦ ዱላውን ዝቅ አደረገ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያለ ሰው ሁሉ ያሽካካል።

ከብዙ ትግል በኋላ ሩሯ ከግርግሩ ሾልካ ሜዳው መሐል ብቻዋን ቀረች። ደምሴ ከታች ተነሣ። ከላይ ደግሞ አባባ ተነሡ። አንድ እግራቸው እየጎተተ፣ ነጠላቸው ከወገባቸው እየተፈታ፣ አፋቸውን ከፍተው ሮጡ። እኚያ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እንኳ እርምጃ የሚቆጥቡ ሰው! ሳቅ ጀምሮ የነበረው ሕዝብ ለማየት ተንጠራራ። ደምሴ አልራራላቸውም፤ ቀደማቸውና ሩሯን በጎናቸው አሳልፎ ዳር አወጣት። የአባባ ዱላ ዘግይቶ መጣና የደምሴን ቅልጥም አገኘው። ደምሴ ጮኸ። ታች አምባ አሸነፈ።

እንግዲህ በኛ አገር ያሸነፈ የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል። የታች አምባ አቀንቃኝ ደግሞ ደምሴ ነው። ስድቡ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሰው መዝለል ነው። አቀንቃኙ አንዱን ሰው ዘሎ ካለፈ ቂም ይዞበታል ማለት ነው፤ ቂሙም በአደባባይ ታወቀ ማለት ነው። ደምሴ እያነከሰ ከዳር ጀመረ። የጥሩነሽን አጎት ሰደበ፣ አናጢውን ሰደበ፣ ዲያቆኑን ሰደበ፤ አባባ ዘንድ ደረሰና ዝም አለ። በርኖሱን አጥብቄ ያዝኩ። «ስደባቸው! ወንድምዬ፣ በእመቤቴ ስደባቸው!» እላለሁ በሆዴ። እማዬ ከሴቶቹ መሐል አፏን በነጠላዋ ይዛለች። አባባ አንገታቸውን ደፍተው በዱላቸው መሬቱን ይጭራሉ።

ከዚያ የደምሴ ድምፅ ወጣ፦

«አባቴ ሲመታ ሩሯ ታለቅሳለች፣
እግሩን አየችና ጥላው ትሮጣለች!»

ሜዳው በእልልታ ተናጋ። አባባ ቀና አሉ፤ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ በመዳፋቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «አንተ ባለጌ!» አሉት። «በል ና፣ እናትህ ዳቦ ደፍታለች፤ ሳይቀዘቅዝ እንግባ።»

ሴቶቹ የመጀመሪያውን ዋንጫ ለደምሴ ሰጡት። እሱ በሁለት እጁ ለአባባ አቀረበ፤ እሳቸው ተጎንጭተው መለሱለት። ከዚያ ሁለቱም በየፊናቸው እያነከሱ፣ አንዱ በጉልበቱ አንዱ በቅልጥሙ፣ ጎን ለጎን ዳገቱን ወጡ። እኔ ከኋላ በርኖስ ተሸክሜ እያለቀስኩ እስቃለሁ። ስለ ጋብቻው አባባ ራሳቸው ወዳጃቸው ዘንድ ሄደው ቃላቸውን መልሰው መጡ። ምን ብለው እንደመለሱ እስከ ዛሬ አናውቅም፤ የጠየቃቸውም የለም።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። አባባ ካረፉ ቆይተዋል፤ ደምሴም የልጆች አባት ሆኗል። እኔም እንደ ሰው ከልጆቼ ጋር እጋጫለሁ፣ እንኳረፋለን። ያን ጊዜ ስልኬን አነሣና «ይቅርታ፣ የኔ ልጅ» ብዬ እጽፋለሁ፤ «እሺ እማ» ይሉኛል፤ አለቀ። ቀላል ነው፣ ክፋትም የለውም። አባባ «ይቅርታ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። ግን በዚያ በታመመ እግራቸው፣ አገር እያየ፣ ወደ ልጃቸው ሲሮጡ አይቻለሁ። እኔ እስካሁን ወደ ማንም እንደዚያ አልሮጥኩም።