ቆቦ ላይ የተነሣ የመርከብ ጠብ

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የእህቴ ባልም አላየም። ሁለታችንም የምናውቀው ትልቁ ውኃ ክረምት ላይ ከደጋው ተንደርድሮ የሚወርደው ጎርፍ ነው፤ እሱም ቢሆን አንድ ሌሊት ሲያጓራ አድሮ ሲነጋ አሸዋውን ጥሎልን ይሄዳል። እንግዲህ እኛ ነን በጦር መርከብ ተጣልተን ደም የተፋሰስነው። ይኸው አሁን እንኳ ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

ጊዜው ቆቦ ውስጥ ዲሽ ገና ብርቅ የነበረበት ነው። መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት አንድ ቴሌቪዥን ከጣራው ሥር ተሰቅሎ፣ ገበያ የወጣው ሁሉ አህያውን ውጭ አስሮ አንጋጦ ያያል። ባለቤቱ ኳስ በሌለ ቀን አንድ የዓረብ ጣቢያ ይከፍታል፤ እዚያ ላይ ስለ ጦር መሣሪያ የሚያወራ ፕሮግራም ይመጣል። ቋንቋውን በደንብ የሚሰማ ከመካከላችን አልነበረም። ቢሆንስ! የእኛ አገር ሰው መሣሪያ ለማወቅ አስተርጓሚ አይፈልግም። ጠመንጃ መርምረን በለመድነው ዓይን መርከቡንም እንመረምረው ጀመር፤ ስንት ይጎርሳል፣ እስከ የት ይወረውራል፣ ሲተኩስ ይግላል አይግልም እያልን።

እኔ የትልቁ መርከብ ወገን ነበርኩ። ያ አውሮፕላኖቹን ጀርባው ላይ ደርድሮ የሚሄደው የአሜሪካ መርከብ ልቤን ወስዶታል። የእህቴ ባል ደግሞ ከሩሲያና ከባሕር ሰርጓጁ ጋር ነው። «ክላሽን የሠራ ሰው መርከብ ያቅተዋል?» ይላል፤ ሻይ ቤቱ ግማሹ «እውነቱን ነው» ይለዋል። እኔም ሞኝ ነኝና ይኼ ያበግነኛል።

እንዲህ እየተባባልን ስንት የገበያ ቀን አሳለፍን። አማችና አማች ብንሆንም እንደ ጓደኛ ነበርን፤ የእርሻ ማሳችን ጎን ለጎን ነው፣ ቤታችንን የሚለየው ደረቁ ወንዝ ብቻ ነው። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቀኗ እየደረሰ ነበር። በእኛ ዘንድ የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ስለሆነ፣ እናቴ የገንፎውን ገብስ አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ መደቡን ለቅልቃ ልጇን ትጠብቃለች።

ያን ቀን ቴሌቪዥኑ ሁለቱንም አከታትሎ አሳየ፤ መጀመሪያ ሰርጓጁን፣ ቀጥሎ የእኔን። «ያንተ ሰርጓጅ የያዘውን ሚሳኤል ተኩሶ ሲጨርስ ምን ሊሆን ነው?» አልኩት። «የእኔ መርከብ አውሮፕላኑን ልኮ፣ አስደብድቦ፣ መልሶ አስታጥቆ ደግሞ ይልካል።»

«መጀመሪያ ካልሰጠመ ነዋ! ያን የሚያህል ገላ ይዞ የት ይደበቃል? የእኔው ከሥር መጥቶ ሆዱን ሲቀደው አውሮፕላኑ ምን ያደርግለታል?»

«ብቻውን መሰለህ እንዴ የሚሄደው? ዙሪያውን ራዳር ያላቸው አጃቢዎች አሉት። ከውኃ በታች የሚያዳምጥም አለው።»

«አጃቢ!» አለና ወደ ሰዉ ዞረ። «ሙሽራ ነው እንዴ?»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እዚህ ላይ ሻዬን ከፍዬ ብወጣ ምን ነበረበት? እኔ ግን ተነሥቼ ቆምኩ። እሱም ሳቁ አሙቆት አንድ ጨመረ፤ «አንተም እንደ መርከብህ ነህ። ያለ ወንድሞችህ ወንዝ አትሻገርም» አለኝ።

ዱላዬ በእጄ ነበር። ሰነዘርኩ። ግንባሩ ተተርትሮ ደሙ ነጭ ጋቢው ላይ ሲወርድ አየሁ፤ ሰው መሃል ገብቶ ገላገለን። በቴሌቪዥኑ ላይ መርከቡ አሁንም ውኃውን እየሰነጠቀ ይሄድ ነበር።

ደም ከፈሰሰ በኋላ እርቅ እስኪወርድ ድረስ አንዱ ወገን የሌላውን ደጅ አይረግጥም። ቤት ስገባ አጎቴ ጠመንጃውን አውርዶ ጠበቀኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችን አዛውንት እሱ ነው። «ምን አድርጎህ ነው?» አለኝ። እስቲ ምን ልበለው? «ባሕር ሰርጓጅ ይበልጣል ብሎኝ» ልበለው? አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ «ቦዩን ሰበረብኝ» አልኩ።

ቦይ ማለት ለእኛ ቀልድ አይደለም። ጎርፉ ሲወርድ ከወንዙ ጠልፈን ማሽላችንን የምናጠጣው በሱ ነው፤ በቦይ የተጣላ ሰው ደግሞ ወንድ ነው ይባላል እንጂ አይሳቅበትም። አጎቴ «አበጀህ» አለኝ። እንደዚያ ቀን ስድብ የሆነብኝ ምስጋና የለም። ወዲያ ማዶ ደግሞ የእህቴን ባል ወገኖቹ ሲጠይቁት እሱም መርከቡን መጥራት አፈረ። የእኔ ወሬ ሲደርሰው «አዎ፣ በቦይ ነው» ብሎ አረፈው። ሁለታችን ከተጣላን በኋላ የተስማማነው በዚህች ውሸት ብቻ ነው።

ውሸቷ ግን እግር አወጣች። የእኛዎቹ ቦዩን ሊጠብቁ ወጡ፤ የእነሱዎቹም ሊጠብቁ ወጡ። ደጋው ላይ ደመና በተቋጠረ ቁጥር ሁለቱም ወገን ክላሹን ታቅፎ ከአሸዋው ወዲህና ወዲያ ይቀመጣል። አንድም ቀን ተሰብሮ የማያውቅ ቦይ! እህቴ ማዶ ቀረች። ባሏ ልልቀቃት ቢል ወገኖቹ «ከደመኛ ቤት ልጃችን አይወለድም» አሉት። እናቴም እንዳትሄድ አጎቴ ከለከላት።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ዋርካው ሥር አቆሙን። ሰብሳቢው ቆቦ ገበያ ላይ ጨው ሲነግዱ ያረጁ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚሰማቸው ሐጂ ናቸው። እርቅ ላይ ነገሩ ከሥሩ ካልተነገረ አይታረቅም፤ ስለዚህ «ከአፋችሁ እንስማው» አሉን። ተያየን። ግንባሩ ላይ ጨርቅ አስሯል። «በቦይ ነው» አልኩ፤ «በቦይ ነው» አለ። ሐጂ ሰው ልከው ቦዩን አስመረመሩ፤ ምንም አልሆነም። የእኛዎቹ «ጠግነውት ነው» አሉ፣ የእነሱዎቹም «እናንተ ናችሁ» ብለው ተነሡ። ጉባኤው በጩኸት ተበተነ። አንድ ቃል ተናግሬ ማቆም ስችል አልተናገርኩም። ሰው ይስቅብኛል ብዬ እኮ ነው! ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ አጥሩ ሥር ቆማ አገኘኋት። ከማዶ የሴቶች ድምፅ ይሰማል። «ይዟታል» አለችኝ፤ ዞራም አላየችኝ። አጥሩን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ማዶ ያሉት «ማርያም ማርያም» ሲሉ እሷም ከወዲህ ብቻዋን «ማርያም ማርያም» ትላለች። አጎቴ ጠመንጃውን ይዞ ቦዩ ላይ ተቀምጧል። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ፤ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እልልታው ተሰማ። እናቴ እልልታውን በጣቷ ቆጠረችና «ሴት ናት» አለች። ከዚያ አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ ሐጂ ቤት ራሴ ሄጄ ሽማግሌ ይሰብሰብልኝ አልኩ። ዋርካው ሥር ሁሉም መጣ።

«በቦይ አልነበረም» አልኩ። «በመርከብ ነው።»

«በምን?» አሉ ሐጂ፣ ጆሯቸውን አዙረው።

«በጦር መርከብ፣ አባባ። በቴሌቪዥን ያየነው።»

«የማን ነው መርከቡ?»

«የእኔ የአሜሪካ ነው። የእሱ የሩሲያ።»

«ድርሻ አላችሁ?»

«የለንም።»

«እዚህ ድረስ ይመጣሉ?»

«ኧረ አይመጡም፣ አባባ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ተያያዘ። የፈራሁት ይኸው መጣ። የእህቴ ባል ከተቃራኒው ወገን ተነሥቶ አጠገቤ መጣና «እኔም ዋሽቻለሁ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሳቁ የሁለታችን ሆነ። አጎቴ ጋቢውን ወደ ፊቱ ጎተተ። ስንት ሌሊት ቦይ ዳር በብርድ አድሯል! እሱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሐጂ አልሳቁም። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ ቀስ ብለው። «ለዚህ ነው እናት ከልጇ ምጥ የቀረችው?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሲስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ታረቅን። ጉልበት ሳምን፣ ካሣውን ሐጂ ቆረጡ፣ ምርቃቱም ደረሰ። እናቴ ግን ምርቃቱን እንኳ አልጠበቀችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የቅቤውን ቅል ታቅፋ ወጣች። የገብሱን ዱቄት እኔ ተሸክሜ ተከተልኳት። አሸዋው መሃል ስንደርስ ቆመች።

«ባሕር የሚሉት ከዚህ ይሰፋል?»

«ይሰፋል፣ እማዬ። ማዶው አይታይም ይላሉ።»

«ያንተ መርከብ ይሻገረዋል?»

«ይሻገረዋል።»

ራሷን ነቀነቀች። «እኔን ግን ይህችን አሸዋ ከለከልከኝ» አለች።

ከዚያ ቅሏን ደረቷ ላይ አስጠግታ ወደ ልጇ ቤት መንገዷን ቀጠለች። እኔም ዱቄቱን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛውሬ ከኋላዋ ሄድኩ።