ከቦሩ ሜዳ ያመጣት ፎቶ

ደሴ ውስጥ፣ ሰፈራችን ሆጤ ዝናብ ዘንቦ ሲያባራ፣ ከደጃችን ቦይ የሚነሳው የጭቃና የበሰበሰ ሣር ሽታ እስከ ዛሬ ያቺን እሑድ ይዞብኝ ይመጣል። የመጨረሻዋ ደህና ቀናችን ነበረች። የበልግ ወቅት ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ሰይድና እኔ ቦሩ ሜዳ ረግረጉ ዳር በሆዳችን ተኝተን፣ እሱ ስልኩን በሁለት እጁ ደግኖ፣ እኔ ቀና እንዳልል ተከልክዬ፣ ዝይዎቹ እስኪነሱ እንጠብቅ ነበር። ድንገት ተነሱ። ሰይድ ደጋግሞ ተጫነና ወደ እኔ ዞሮ «አገኘኋት ሙሄ! ክንፏን ሙሉውን!» አለኝ። «አሳየኝ» ስለው ዝናቡ ጀመረ። ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ሸሚዙ ውስጥ ከተተና «ነገ ከሥራ ስመለስ ተረጋግተን እናያታለን» አለ። ሚኒባሱ ውስጥም ለመንኩት፤ ተጨናንቀን ስለነበር እጁን ማውጣት እንኳ አልቻለም። ይህ እስካሁን ያናድደኛል። አንዲት ፎቶ ማየት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ነገሩ የጀመረው እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ለዒድ ፀጉራችንን ልንቆረጥ የገባን ቀን ነው። ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ አሮጌ ካላንደር ላይ፣ አንገቷ ረጅም የሆነ ነጭ ወፍ ሐይቅ ላይ ተንሳፍፋ ነበር። ሰይድ ተቆርጦ እስኪነሳ ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም። ስዋን እንደምትባል ጠይቆ አወቀ፤ ከበዓሉ በኋላ ግን የባዮሎጂ አስተማሪው እሷ በእኛ አገር እንደሌለች ነገሩት። ለቀናት ከፍቶት ሰነበተና «ለሌለችው ከማልቀስ ያለችውን እናንሳ» አለኝ። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ፣ ሰይድ ተነስ ሲለኝ መነሳት ልማዴ ነበር።

በበጋ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥሮ የመጀመሪያዋን ስልኩን ከገዛ በኋላ፣ እረፍት ሲያገኝ ወደ ሐርቡ አቅጣጫ እንወርድ ነበር። የቆላው ፀሐይ አናታችንን እየጠበሰ፣ ከብት የሚከተሉ ነጫጭ ወፎችና አንድ እግራቸውን አጥፈው የሚቆሙ ሽመላዎች እየፈለግን፣ ወንዝ ወንዙን ስንሄድ እንውል ነበር። ተጠግተን ልናነሳ ስንል ይበራሉ። ርቀን ስናነሳ ሽመላዋ ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም። ማታ እማ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ አርቃ፣ መልሳ አስጠግታ «ቀኑን ሙሉ ጦማችሁን ያዋለቻችሁ ይቺ ነጥብ ናት?» ትለን ነበር።

በክረምት ደግሞ ደሴን ጉም ይውጣታል። ፎቶው ሁሉ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ሰይድ የስልኩን ካሜራ በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ ይበሳጫል፣ እኔም ብርዱ ያበሳጨኛል። ቦሩ ሜዳ ላይ እነዚያን ዝይዎች ያገኘነው ጉሙ ከለቀቀ በኋላ፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ቆመው ሲግጡ ድንጋይ ይመስላሉ፤ ክንፋቸው ላይ ያለው ሰማያዊ ቀለም የሚታየው ሲበሩ ብቻ ነው። ሰይድ የሆነ ቦታ አንብቦ «ከእኛ አገር በቀር የትም የሉም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስዋን የምትባለዋን አንስቷት አያውቅም። የሚፈልገው ያን ሰማያዊ ነበር፤ የሚያገኘው ግን የዝይ ጀርባ፣ የሣር ጫፍ፣ ወይም ባዶ ሰማይ ነበር።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ያዙን። ረግረጉ የአካባቢው ሰው የጋራ ግጦሽ ነው፤ ጠባቂው አባባ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ዱላቸውን ይዘው፣ ሁለት ጎረምሶች አስከትለው ደረሱብን።

«ማነው የላከህ?» አሉት ሰይድን።

«ማንም አልላከኝም አባባ። ወፍ ነው የማነሳው።»

«ወፍ! ከደሴ ድረስ ተሳፍረህ ወፍ? እዚያ ዶሮ ጠፋ?»

ጎረምሶቹ ሳቁ። ሰይድ ስልኩን ከፍቶ አሳያቸው። አባባ ይማም ጎንበስ ብለው አዩና «ወፍ ከሆነች ታዲያ መሬታችን ለምን አብሮ ወጣ?» አሉ።

«ወፏ የቆመችው እሱ ላይ ነው እኮ!»

«እንዲህ እንዲህ እያሉ ነው የሚለኩት። አንድ ቀን በስልክ ያነሱታል፣ አንድ ቀን በችካል ያጥሩታል። አጥፋው!»

ወላሂ ብሎ ማለ፣ ለመነ። አልሰሙትም። አንድ በአንድ እያስቆጠሩ አስጠፉት፤ ሐርቡ ያነሳናቸው ሽመላዎች ሳይቀሩ ጠፉ። አንደኛው ጎረምሳ «ነጥቧንም አጥፋት» እያለ ሲያሾፍ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰይድ ስልኩን ቆለፈው። ጣቱን እያንሸራተተ የሚከፍትበትን ምልክት ለእኔም አላሳየኝም፤ ሲከፍት በመዳፉ ይጋርደው ነበር። ስቆጣ «አንተን ቢይዙህ ገና ሳይጠይቁህ ነው የምትከፍትላቸው» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ወደ ቦሩ ሜዳ መሄዳችንን ግን አልተውንም። አባባ ይማም ከሩቅ ሲያዩን «ለኪዎቹ መጡ!» እያሉ ይጮሃሉ፣ እኛም እንሮጣለን። ዝይዎቹም አብረውን ይበራሉ፤ ሰይድ ዞሮ ለማንሳት ጊዜ አያገኝም። ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ እኔም ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ። ያቺ እሑድ ሽማግሌው ያልመጡባት ቀን ነበረች።

ሰኞ ማለዳ ሰይድ ለሥራ ሲወርድ፣ የተሳፈረበት ሚኒባስ የኮምቦልቻ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ይህን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ከሰዓት በኋላ ቀበርነው። የቅሬው፣ የእድራችን ሰዎች ደጃችን ላይ ድንኳን ተከሉ። አብሮት የተሳፈረ የሥራ ባልደረባው ክንዱን በፋሻ አስሮ መጥቶ ስልኩን ሰጠኝ፤ ጭረት እንኳ አልነካውም። ስልክ የሚጠግነው የአክስቴ ልጅ ተቀብሎኝ አገላበጠው። ሚሞሪ ካርድ የለውም፤ ፎቶዎቹ ሁሉ ውስጡ ናቸው።

«ቁልፉን ካላወቅህ፣ ፎርማት ካልሆነ አይከፈትም» አለኝ።

«ፎርማት ይሁና!»

«ከሆነ ደግሞ ምንም አይተርፍም ሙሄ።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ለቀስተኛው ሳይበዛ ከድንኳኑ ወጣሁ። አክስቴ «ሰው ጥለህ ወዴት ነው?» ስትለኝ ወደ ሚኒባሶቹ ሄድኩ። ቦሩ ሜዳ እስክደርስ አባባ ይማምን የምናገራቸውን ስደረድር ነበር። ገና ሳያዩኝ ላገኛቸው ፈጠን ብዬ ሄድኩ፤ ከብቶቹ መሀል ቆመው ነበር።

«ዛሬ ብቻህን ላኩህ? ያ ለኪው ወንድምህስ?»

«ትናንት ቀበርነው» አልኳቸው።

ቁጢጥ አሉ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት። እስኪጨርሱ ጠብቄ፣ ያስጠፉትን ፎቶ፣ ሰይድ ስልኩን ለምን እንደቆለፈ፣ እሑድ ያነሳትን ዝይ አሁን ማንም ከፍቶ እንደማያያት እየተኮላተፍኩ ነገርኳቸው። ልጮህባቸው ነበር የሄድኩት።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። «እውነት ወፍ ኖሯል?»

«ወፍ ነበር።»

«ያ ረሱለላህ! ወፍ!»

ተነስተው ክንዴን ያዙኝና ወደ ረግረጉ ወሰዱኝ። ዝይዎቹ ከወዲያ ማዶ ነበሩ። «በል አንሳቸው» አሉኝ። «ማንም አይናገርህም።» እጄ ባዶ ነበር፤ ስልኩ እማ ጋ ቀርቷል።

ያኔ ፎቶአችንን ሰው እንዳያይብን እንሸሽግ ነበር። አሁን ለማየት የምፈልገው እኔ ብቻ ነኝ፣ ለእኔም አይታይም፤ ፎርማት ላስደርገው አልችልም፣ ተዘግቶ እንዲቀመጥም አልወድም። አንዳንዴ የሚያናድደኝ ሞቱ ይሁን ቁልፉ አላውቅም።

ያን ጠዋት የምጣላው ሰው አጣሁ። አባባ ይማም ከብቶቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው፣ ለቅሶ ሊደርሱን ከእኔ ጋር ተሳፈሩ። መንገድ ላይ «ያቺ ያነሳት እንዴት ሆና ወጣች?» ብለው ጠየቁኝ። አላየኋትም ማለት አቃተኝ። ክንፏን ሙሉ ዘርግታ፣ ሰማያዊው ወለል ብሎ፣ እግሮቿ ከውሃው ገና ሲላቀቁ እያልኩ፣ እስከ ሆጤ ድረስ ስነግራቸው ሄድኩ።