ጭንቅላቴና እግሬ ሁለት አየር ውስጥ

ሱሉልታ ተከራይቼ የገባሁ ሰሞን ቴርሞሜትር ገዝቼ ከቤቴ በር አጠገብ የውጭው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። የአየሩን ሙቀትና ብርድ በየቀኑ ደብተር ላይ መመዝገብ የቆየ ምኞቴ ነበር። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ዐሥራ አንድ ዲግሪ አነበብኩና ጻፍኩ።

አከራዬ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ እዚያው ሲያርሱ የኖሩ አዛውንት፣ ጎመናቸውን እያዩ ነበር።

"አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ? ዕቃሽ ስንት አለሽ?"

"ዐሥራ አንድ፣ አባባ።"

ሳሩን በከዘራቸው ነካ አደረጉት። አመዳይ አልብሶታል። "ታዲያ ይሄ ጨው ነው?" ብለው ሳቁ።

አፈርኩ፤ በዐሥራ አንድ ዲግሪ አመዳይ አይጥልም። ዓመታት ሙሉ በአየር ጠባይ ጣቢያ መሣሪያ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤት ነበሩን። ለእሳቸው ስነግራቸው መጥተው አዩት።

"ያነበብሽው ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ነው፤ አየሩን አይደለም" አሉኝ።

በምክራቸው ነፋስ የሚያሳልፍ ነጭ ሳጥን አሠርቼ፣ በደረቴ ቁመት ግቢው መሃል አቆምኩና ቴርሞሜትሩን ውስጡ አስገባሁት። ከዚያ ማንበብ አስተማሩኝ።

"ጎንበስ በይ። ዓይንሽ ከቀዩ ፈሳሽ ጫፍ ጋር እኩል ይሁን።"

ጎንበስ ስል ንባቡ ግማሽ ዲግሪ ያህል ወረደ፤ ፈሳሹ ግን ንቅንቅ አላለም። የተንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ።

"አሁን ትንፋሽሽን ያዢ። በሁለቱ መስመር መካከል ያለውን በዓይንሽ ዐሥር ቦታ ክፈይው። መጀመሪያ ነጥቧን፣ አንድ ዐሥረኛዋን፣ ከዚያ ሙሉውን ዲግሪ።"

"ለምን ነጥቧን?"

"እሷ አትጠብቅሽማ!"

እውነታቸውን ነበር። ትንፋሼን ለቀቅ ሳደርግ ጫፉ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲሳብ አየሁ። አጠገቡ መቆሜን እንኳ ያውቃል።

ሌላ ቴርሞሜትር ገዝቼ ሳሩ ጫፍ ላይ በሁለት ትንንሽ ባላ አስተኛሁት። ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ንጋት፣ ሳጥኑን ከፍቼ አነበብኩ፦ ሦስት ነጥብ ስድስት። ተንበርክኬ የሳሩን አየሁ፦ ከዜሮ በታች አንድ ነጥብ ስምንት። ደግሜ አነበብኩ። አንዱ ተበላሽቷል ብዬ የሳሩን አንስቼ ከሌላው ጎን ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩና ጠበቅኩ። ቀስ በቀስ ወጥቶ ከሌላው ጋር እኩል ሆነ።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ጭንቅላቴ በአንድ አየር፣ እግሬ በሌላ አየር ውስጥ ቆሜ ነበር።

አከራዬን ጠርቼ ስነግራቸው ምንም አልገረማቸውም።

"ብርድ እንደ ውሃ ነው ልጄ፤ ወርዶ ይተኛል። እግሬ ያውቀዋል" አሉና፣ ችግኞቻቸውን ያለበሱትን ጭድ ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ከጭዱ ሥር አንዲት ቅጠል በአመዳይ አልተቃጠለችም።

ያን ቀን ሥራ አረፈድኩ። ምክንያቱን ለአለቃዬ ላስረዳ ብዬ፣ እጄን አንዴ ደረቴ ላይ አንዴ እግሬ ላይ እያደረግኩ ብዙ ለፋሁ።