የአባባ የይዲሽ ዘፈን

ባለፈው ሳምንት መርሳ ወንዝ ዳር አንድ ሹፌር መኪናውን ሲያጥብ አየሁ። የእርጥብ ጎማና የናፍጣ ሽታ ሲመጣብኝ ቆም አልኩ። አላለቀስኩም።

ልጅ እያለሁ አባቴም የሚያጥበው እዚያው ነበር። ሲሪንቃ ላለው የእርሻ ምርምር ሹፌር ስለነበር፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ የማሽላ ባለሙያ ይዞ ይዞር ነበር። ሰውየው መንገድ ለመንገድ አንድ ዘፈን ያንጎራጉራል። ቋንቋው ይዲሽ ይባላል፣ የአውሮፓ አይሁዶች የሚናገሩት ነው፤ ዘፈኑንም የሰውየው አባት ለሰውየው እህት ይዘፍንላት ነበር አሉ። አባቴ ትርጉሙን ሳያውቅ ቃሉን ለቃቅሞ ያዘው። ዜማውን ወደ አምባሰል ቅኝት ጎተት አደረገና፣ መኪናውን እያጠብን ለእኔ አስተማረኝ። ታላቅ ወንድሜ አብሮን ሊል ሲሞክር፣ አባቴ እየሳቀ «ይኼ የሴት ልጅ ነው፤ አንተ ጎማውን እጠብ» አለው። ወንድሜ አልሳቀም።

አባቴ የሞተ ዕለት፣ አስከሬኑ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ሌላው ሁሉ ሙሾ ሲያወርድ እኔ ያንኑ ዘፈን አወጣሁት። የማውቀው መሸኛ እሱ ብቻ ነበር። አልቃሿ ዞራ አየችኝ። አክስቴ አማተበችና «በማይታወቅ ቋንቋ እኮ ነው የምትለፈልፈው፤ ልጅቱን ይዟታል» አለች። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ያዙኝ። የአባባ ዘፈን ነው፣ ወንድም ጋሼን ጠይቁት ብዬ ለመንኩ። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ጋቢውን አፉ ላይ ሳብ አደረገና «እኔ ሰምቼው አላውቅም» አለ።

አባቴ ሲቀበር እኔ ጠበል ቤት ውኃ ይወርድብኝ ነበር።

ወንድምሽም ያኔ ልጅ ነበር፣ ተይው ይሉኛል። እኔስ ምን ነበርኩ?

ዘንድሮ በፋሲካ ማግስት ወንድሜ ምርኩዝ ይዞ ከወልድያ መጣ። ጥርሱ ረግፏል። ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠብቆ «ጥሩዬ፣ እስቲ ያችን የአባባን ዘፈን በይልኝ። ጅማሬዋ ጠፋኝ» አለኝ። ጠላውን ቀዳሁለት።

«እኔ ሰምቼው አላውቅም» አልኩት።

አንገቱን ደፋ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ የማያውቁትን ቋንቋ ዘፈን ከስልካቸው ሲለቁ ጠበል የሚያነሳ የለም። እኔም ብዘፍን የሚይዘኝ የለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልረሳሁትም። አፌን ስከፍት ግን ድምፅ አይወጣኝም።