የሞላሰስ አሥራ ሁለት ደቂቃ

ዳርሊን ሆስቴትለር ፈረስ አትወድም ነበር። ይህን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ዛሬ የሚያያት ሁሉ ከፈረስ ጋር የተወለደች ይመስለዋልና። ባሏ ቨርጅል ከእህል ጎተራው ሥራ ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ቁመቱ ከወገቧ የማያልፍ ቡናማ ፈረስ ከተጎታች ላይ ሲያወርድ በመስኮት አይታ፣ «ቨርጅል፣ ቀሪው መቼ ነው የሚመጣው?» ብላ ጮኸችበት። ስሙን ሞላሰስ አለው። የእኛ የኢንዲያና ገበሬ ደግሞ ለቀልድ አይሰንፍም፤ ወሩን ሙሉ «ውሻህ እንዴት ነው?» ሲሉት ከረሙ።

እኔ ሎይስ እባላለሁ። ትንንሽ ፈረሶችን ለጋሪ የምናሠለጥን ሰዎች ማኅበር አለን፤ ቨርጅልን ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ከተማሪዎቼ ሁሉ ያላናደደኝ እሱ ብቻ ነው። ጸደዩን ሙሉ ጋሪ ሳያስነካው፣ ረጅም ዛብ ይዞ በእግሩ ከኋላ ከኋላው ሲሄድ ከረመ። ቀጥሎ አሮጌ ጎማ አስጎተተው፤ ከኋላው የሚንኳኳ ነገር ሲሰማ እንዳይበረግግ ነው። ጋሪ ያሰረለት በዓመቱ ነው። የጋሪ ፈረስ ዓይኑ በግራና በቀኝ በቆዳ ስለሚከለል የሚነዳውን ሰው አያየውም፤ በድምፁና በእጁ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰዎች «ከዚህ ጉድ ምን ታገኛላችሁ?» ይሉናል። ምን ብዬ እንደምመልስ ግራ ይገባኛል። ገና ዞር በል ልለው ሳስብ ፈረሱ ዞር ሲል ሆዴ ውስጥ ደስ ይለኛል፤ እሱ ነው ትርፉ።

ቨርጅል አቅሙንም ገነባለት። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቆይቶ በሶምሶማ፣ በመጨረሻ ዳገት። በየጠዋቱ ቁርሱን በልቶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ የክሪዝማንን ዳገት ወጥቶ ይመለሳል። ባለፈው መስከረም በአውራጃው ትርኢት የአንደኝነቱን ሰማያዊ ጥብጣብ ወሰዱ። በየካቲት ቨርጅል ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጠ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። «ምን ነክቶት? ትናንት እንኳ ሲነዳ አይቼዋለሁ» ያላለ ሰው አልነበረም።

ዳርሊን ፈረሱን ለሚፈልገው ልትሰጥ ቆረጠች። ያቆየኋት እኔ ነኝ። «ሥራ ፈትቶ የቆመ ፈረስ ደህና ሰው አይወስደውም። መልሰሽ አበርቺውና ስጪው» አልኳት።

«እኔ ልንዳው?»

«ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተሽ የለም እንዴ?»

«አውቶቡስ አይበረግግም።»

«ልጆቹስ?»

በማግስቱ ጠዋት ዛቡን ያዘች።

ሚያዝያ ላይ ዳገቱ ጋ ደረስን፤ እሷ ጋሪው ላይ፣ እኔ በብስክሌት እያለከለክሁ ከኋላ። ሞላሰስ ዳገቱን በሶምሶማ ጨረሰና ጫፉ ላይ፣ ከኦፓል ክሪዝማን የፖስታ ሳጥን አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዳርሊን «ሂድ» አለችው። ዛቡን ነካ አደረገች። እኔም ያለ የሌለ ዘዴዬን ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች! ኦፓል ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯ ሁልጊዜ እንደተሠራ ነው። የመስኮቷ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ ሁለታችንም አየን። ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ፈረሱ ማንም ሳያዘው፣ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሶ መንገዱን ቀጠለ።

በማግስቱም እዚያው ቆመ። በሦስተኛው ቀን ሰዓት ያዝኩ፤ ያው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው።

«ይሄን ማን አስተማረው?» አለች ዳርሊን። ፊቷ የሌላ ሰው ሆኗል።

«ፈረስ እኮ... አንዳንዴ ዝም ብሎም...»

«ሎይስ፣ ፈረስ ያልተማረውን አያደርግም ብለሽ ስትለፈልፊ የከረምሽው አንቺ ነሽ።»

እውነቷን ነው፤ ብያለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ የምታወራው እርስ በርሱ የማይገናኝ ነገር ሆነ። ቨርጅል ፈረስ ለመንዳት ጢሙን ለምን ይላጫል? በወንዙ በኩል ሜዳ መንገድ እያለ ዳገት ምን አስወጣው? አርባ አንድ ዓመት የኖረችው ከማን ጋር ነው? ጠዋት «እሱ እንዲህ አያደርግም» ትላለች፤ ከምሳ በኋላ «አድርጎታል» ትላለች። እኔም አንዴ ከእሷ ጋር፣ አንዴ ከእሱ ጋር እየሆንኩ ጭንቅላቴ ዞረ። ቅዳሜ ዕለት ግን ጋሪውን ራሷ ጠመደችና ዳገቱን ወጥታ የኦፓልን በር ደበደበች። እኔም አብሬያት ነበርኩ፤ እንዳትማታ ብዬ ነው፤ ቢማቱም እንዳያመልጠኝ።

«ባሌ እዚህ ምን ይሠራ ነበር?» አለቻት፤ ደህና አደርሽ የለ፣ ምን የለ።

«ግቢ እስቲ፣ የኔ ማር።»

«አልገባም!»

«እሱም እንደዚሁ ነበር የሚለኝ» አለች ኦፓል። «ሦስት ጊዜ ግባ ብዬዋለሁ፤ አንዴማ የፖም ኬክ ይዤ ወጥቻለሁ። ‹አመሰግናለሁ ወይዘሮ ኦፓል፣ ፈረሱ ማረፍ አለበት› ይላል፣ ኮፍያውን ያነሳል፣ አለቀ። እውነቱን ልንገርሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሊፕስቲክ ተቀብቻለሁ። ዓይን አፋር መስሎኝ!»

ዳርሊንን ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ግን አፏ ላይ ሲደርስ ቁጣ ሆነ። ወደ ጋሪዋ ተመለሰች። አመነቻትም፣ አላመነቻትምም። እኔ አምኛታለሁ፤ እንዲህ ያለ ውርደት ፈጥሮ የሚናገር ሰው የለም።

«እረፍት ነው» አልኳት መንገድ ላይ። «ዳገት ከወጣ በኋላ የልቡ ትርታ እስኪረጋ ይቆማል። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በደቂቃ ከስልሳ በታች ሲወርድ ይነሳል።»

«እንግዲያው የልብ ማዳመጫሽን አምጪ።»

ሰኞ ዕለት እዚያው ሳጥን አጠገብ ማዳመጫዬን ከሞላሰስ የግራ ፊት እግር ኋላ አስደግፋ ቆጠረች። ሲቆም መቶ አሥራ ስድስት። በሁለተኛው ደቂቃ ሰባ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ሃምሳ ሁለት። ቀና ብላ አየችኝ።

«አራት ደቂቃ በቃው። ስምንቱስ?»

ያን ጊዜ በእውነት ግራ ገባኝ። ቨርጅል ቁጥር የሚሳሳት ሰው አይደለም። በአራት ደቂቃ የሚያርፍ ፈረስ አሥራ ሁለት ደቂቃ አይቆምም፤ ጡንቻው ይቀዘቅዛል ብዬ እኔው ነግሬዋለሁ።

ኦፓል በረንዳዋ ላይ ሆና ታየናለች። በዚያን ቀን ሊፕስቲክ አልተቀባችም። ዳርሊን ጠራቻት።

«እንዴት ነበር የሚቆመው? አሳዪኝ።»

ኦፓል መጥታ ጀርባዋን ለጋሪው ጎማ ሰጠች። ግራ እጇን የፈረሱ ወገብ ላይ አሳረፈችና ሰዓት እንደሚያይ ሰው የእጇን አንጓ አፍጥጣ አየች። የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ደግሞ አንስታ ከአገጯ ሥር፣ የገዛ አንገቷ ላይ ለጠፈች።

«እንዲህ ነበር። ለእኔ ኮሌታውን የሚያስተካክል መስሎኝ ነበር» አለች።

ያን አቆጣጠር አውቀዋለሁ፤ በሁለት ጣት ከመንጋጋ ሥር የልብ ትርታ መቁጠር፣ ለፈረስ ያስተማርኩት ነው። ቨርጅል ይቆጥር የነበረው የራሱን ልብ ነው። ፈረሱ በአራት ደቂቃ ያርፋል፤ የቀረው ስምንት ደቂቃ የሰውየው ነበር። ዓይኑ የተከለለው ሞላሰስም የእጁ ክብደት ከወገቡ ላይ እስኪነሳ መቆምን ተማረ፤ ውሎ አድሮ እጁ ባይኖርም ደቂቃውን ለመደው።

ዳርሊን መንገዱ ዳር ሣሩ ላይ ተቀመጠች። «ያውቅ ነበር» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር። ለፈረስ ያልደበቀውን ለእኔ ደበቀኝ።» አለቀሰች፤ ከቀብሩ ቀን ይልቅ የዚያን ቀን ብሶባት አለቀሰች። እኔም ቆጠራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝና አፈርኩ።

«ቢነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?» አለቻት ኦፓል።

«ሐኪም ቤት እወስደዋለኋ! ፈረሱንም በዚያው ቀን እሰጠው ነበር።»

ያለችውን ራሷ ሰማችው። ተነስታ የሞላሰስን ዛብ ያዘች።

ሞላሰስን ማንም አልወሰደውም። ዳርሊን አሁንም በየጠዋቱ ዳገቱን ታወጣዋለች፤ ሳጥኑ አጠገብ ሲቆም ከጋሪው ወርዳ እጇን ወገቡ ላይ ታደርጋለች። አንዳንድ ቀን ኦፓል ኬክ ይዛ ትወጣለች፤ ቨርጅል ያልበላውን እኛ እንበላዋለን። ባለፈው ሳምንት፣ አራቱ ደቂቃ ሞልቶ ፈረሱ ሲረጋ፣ አሠልጣኝነቴ ተነሳብኝ።

«ይሄን መጥፎ ልማድ በሁለት ሳምንት አስተወዋለሁ» አልኳት።

«አርፈሽ ተቀመጪ፣ ሎይስ» አለችኝ ሰዓቷን እያየች። «ሰውዬው ገና አልጨረሰም።»